ሁለተኛው መርፌ

መጽሐፍ ጠራዡ በተፈጥሯቸው ሰው የሚጠሉ አልነበሩም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ መቀየሪያ ካጡም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያሳልፉታል። ሰፈሩ ምክንያቱን ስለሚያውቅ አይታዘባቸውም። እሳቸውም እንዳይረሳባቸው፣ መጽሐፍ ሊያስጠርዝ የመጣውንም ሆነ አቅጣጫ ሊጠይቅ ጎራ ያለውን ሳይነግሩት አይሸኙትም። «አንዲት ልጄን በእግሯ ወስጄ በቃሬዛ መለስኳት። አንዱ መርፌ አልገድል ቢላቸው ሁለተኛ ጨመሩላት» ይላሉ። ሰሚው ከንፈሩን ይመጣል። ሌላ ምን ያድርግ?

ይህ ወሬ እግር አውጥቶ ሰፈሩን ዞረ። መርፌውን የወጋቻት ረጅሟ ነርስ በሄደችበት ሁሉ ሹክሹክታ እየተከተላት፣ እናቶች ልጆቻቸውን ከእሷ ወንበር ወደ ሌላዋ እያሻገሩባት፣ በስድስተኛው ወር ሥራዋን ለቀቀች። ጠራዡ ይህን የሰሙ ቀን ደስ አላላቸውም፤ ግን «ደግ አደረገች» ብለው ወደ ሙጫቸው ተመለሱ።

አንድ ረፋድ ላይ ታዲያ አንዲት ወጣት አምስት ትልልቅ መዝገቦች በደረቷ አቅፋ የሱቁን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ጋዋን አልለበሰችም። ለብሳ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚያው በር ላይ ያበቃ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ» አለች መዝገቦቹን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈች። «ጀርባቸው ተላቆ ቅጠላቸው ሊረግፍ ነው። ይህን ከእርስዎ በቀር የሚያስተካክል የለም ብለው ላኩኝ።»

«እነማን ናቸው የላኩሽ ልጄ?»

«ጤና ጣቢያው። ተላላኪው ፈቃድ ላይ ስለሆነ ነው እኔ ያመጣኋቸው። እዚያ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ፋርማሲስት ነኝ። ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም።»

ጠራዡ ወደ መዝገቦቹ የዘረጉትን እጅ መልሰው ሽርጣቸው ላይ ጠረጉት። መዝገቦቹን ዐውቀዋቸዋል። ሰማያዊውን ጨርቅ ያለበሷቸው፣ ጠርዙን በሰም ባሹት ክር የሰፉት ራሳቸው ናቸው፤ ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት። ከላይ ያለው ልጃቸው የሞተችበት ዓመት መዝገብ እንደሆነም ከክሩ ቀለም ለይተውታል። «የእናንተን ሥራ አልቀበልም» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሳል ተሰማ። አጭር፣ ተከታታይ ሳል ነው፤ መጨረሻው ላይ ማቃሰት አለበት።

ወጣቷ ጆሮዋን አቀናች። «ማን ነው የታመመው?»

«የልጅ ልጄ ናት።»

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ዛሬ አራተኛ ቀኗ። ብርድ ነው። ማርና ሎሚ እየሰጠኋት ነው።»

«አንድ ጊዜ ልያት ይፍቀዱልኝ።»

ጠራዡ አልፈቀዱም፤ አልከለከሉምም። ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥራ መጋረጃውን ገለጠች። ጠባብ ክፍል ነው፤ ግማሹን የተደረደረ ካርቶን ይዞታል፤ በቀረው ላይ አንድ አልጋ አለ። አልጋው ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ስትተኛ አየሩ ያንሳታል። ወጣቷ ግንባሯን ዳሰሰች፤ ከዚያ ሰዓቷን እያየች የልጅቷን ደረት ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላ ተመለከተች። ጠራዡ በሩ ላይ ቆመው እሳቸውም ሳያውቁት ትንፋሿን አብረው ይቆጥሩ ነበር። አርባ ሦስት ደረሱ።

ወደ ሱቁ ሲመለሱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ ትንፋሿ ለዕድሜዋ ፈጥኗል፤ ይህ ብርድ ብቻ አይመስለኝም። ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ሊያያት ይገባል።»

«አይሆንም።»

«ከቆየ እኮ የከፋ ነገር ያመጣል።»

«ልጄ፣ አንቺ ጨዋ ሰው ትመስያለሽ፤ ስለዚህ በጨዋ ደንብ ልመልስልሽ። እናቷን የሰጠሁበት ቦታ እሷን አልሰጥም። መዝገቦቹን ተዪልኝ፣ ጠግኜ እልካለሁ። ልጅቷን ግን ተዪልኝ።» ጠራዡ መድኃኒቱን ይፈራሉ፣ ሳሉንም ይፈራሉ፤ አራት ቀን ሙሉ በሁለቱ ፍርሃቶች መካከል ተቀምጠው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ወጣቷ አልሄደችም። በርጩማውን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። «በልጅዎ ላይ የደረሰውን ሌሎች ነግረውኛል። እርስዎ ግን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ነገሩን ሺህ ጊዜ ተናግረውታል። ቃል በቃል ያውቁታል። የዛሬው ልዩነት፣ ሰሚዋ ከንፈሯን በመምጠጥ ፈንታ ጥያቄ መጠየቋ ነበር።

«ጉሮሮዋን ነበር ያመማት» አሉ። «አብጦ መናገር አቅቷታል። ይዣት ሄድኩ። ያቺ ረጅሟ ነርስ ወጋቻት።»

«ከተወጋች በኋላ በስንት ደቂቃ ነው የታመመችው?»

«ምን ደቂቃ አለው! ልብሷን አስተካክላ ሳትጨርስ ነው። መዳፏን ታክ ጀመር። ከንፈሯ አበጠ። ፊቷ እንዲህ ሆነ» አሉና እጃቸውን ከጉንጫቸው አርቀው አሳዩ። «ከዚያ አየር አጣች። ነርሷ ሮጣ ሄዳ ሌላ መርፌ አምጥታ ጭኗ ላይ ሰካችባት። እኔንም ገፍተው አስወጡኝ። ሲጠሩኝ አልቆ ነበር። እንግዲህ መድኃኒቱ የተበላሸ ነበር፣ አለዚያም መርዝ ነበር። ምርጫው የእናንተ ነው።»

«የተበላሸ ቢሆን፣ ከዚያው ካርቶን የተወጉት ሌሎቹ ምን ሆኑ?»

ጠራዡ ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። «እሱን እንጃ። ሌላ የሞተ አልሰማሁም።»

«እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አባባ፣ የምለው ነገር ሊያስቆጣዎ ይችላል፤ ግን ይስሙኝ። መድኃኒቱ መርዝ አልነበረም። የልጅዎ ሰውነት ግን እንደ መርዝ ቆጠረው። አለርጂ ይሉታል።»

«ታዲያ ልጄን የገደላት የገዛ ሰውነቷ ነው ልትይኝ ነው?»

«ሊጠብቃት ሲል።»

ጠራዡ ብድግ አሉ። ወስፌያቸውን አነሡ፤ የሚሰፉት ነገር ስላልነበረ መልሰው አስቀመጡት። ሰው ሲናደድ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ወጣቷም ይህ የገባት ይመስላል፤ ጠበቀቻቸው። ተመልሰው ሲቀመጡ «ቀጥዪ» አሉ፤ አባባላቸው ግን «እስኪ የት ትደርሻለሽ» የሚል ነበር።

«በሁላችንም ሰውነት ውስጥ መከላከያ አለ። ቁስላችን የሚሽረው፣ ጉንፋን የሚለቀን በእሱ ነው። ሥራው የኔ የሚለውንና ባዕድ የሚለውን መለየት ነው። መድኃኒት ለብቻው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። አንዳንዱ መድኃኒት ግን ደም ውስጥ ሲገባ ከራሳችን ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ መከላከያው የገዛ አካሉ ላይ ባዕድ ነገር ተለጥፎ ያያል።»

«እኔ በሠራሁት መጽሐፍ ላይ ሌላ ሰው ገጽ ቢለጥፍበት እንደማለት ነው።»

«እንደዚያ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«እቀደዋለሁ።»

«እሱም ለዚያ ይዘጋጃል። ያንን መድኃኒት ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ነገር ይሠራል። አንቲቦዲዎቹ ደግሞ ቆዳችን ውስጥ፣ በአየር ቧንቧችንና በደም ሥራችን ዙሪያ ባሉ ሕዋሶች ላይ ሄደው ይሰካሉ። እነዚያ ሕዋሶች ውስጣቸው ሂስታሚን በሚባል ነገርና በመሰሎቹ የታጨቀ ነው። እዚያ ተሰክተው መድኃኒቱ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ሳምንት ይሁን ዓመት፣ ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ላይታወቀው ይችላል።»

«ሲመለስስ?»

«ሲመለስ አንቲቦዲዎቹ ይይዙታል፤ ሕዋሶቹ ያጨቁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደፉታል። ቆዳው ያሳክካል፣ የደም ሥሮቹ ላልተው ፈሳሽ ያሾልካሉ፤ ፊትና ጉሮሮ የሚያብጠው ለዚህ ነው። የአየር ቧንቧው ይጠብባል። ደሙ ግፊት ያጣል። ያዩት ሁሉ ይኸው ነው።»

«ለምን ግን? እንዲህ ያለ ነገር ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ይህ የመከላከያው ክፍል የተፈጠረው ጥገኛ ትላትልንና መርዝን ቶሎ ጠራርጎ ለማስወጣት ነው ይላሉ። ማሳከኩም፣ ማስነጠሱም፣ ማስመለሱም እንግዳውን ለማባረር ነው። የሚከፋው መድኃኒቱን ከጠላት ሲያምታታው ነው። በአንዱ ሰው ላይ ተሳስቶ በሌላው ላይ ለምን እንደማይሳሳት ግን ሙሉ በሙሉ አይታወቅም። ባውቅ እነግርዎ ነበር።»

«ዘበኛው ሌባ መጣ ብሎ ቤቱን አቃጠለ በይኛ።»

«አዎ አባባ። እንደዚያ ነው።»

አለማወቋን መናገሯ ጠራዡን ከቀረው ንግግሯ ሁሉ ይበልጥ አለሰለሳቸው። የተማረ ሰው የማያውቀውን አላውቅም ሲል የሚያውቀው ይታመንለታል። ሆኖም ሁለት ዓመት የተሸከሙትን ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚያወርዱ ሰው አልነበሩም።

«ይሁን» አሉ። «የመጀመሪያው መርፌ ስህተት አይደለም እንበል። ሁለተኛውስ? ልጄ አየር አጥታ ስትንፈራፈር ሌላ መርፌ የሚወጋ ሰው ምን ይባላል?»

«ያ አድሬናሊን መሆን አለበት። ለዚህ ነገር ከእሱ የሚቀድም መድኃኒት የለም። የላሉትን የደም ሥሮች ይሰበስባል፣ የጠበበውን ቧንቧ ይከፍታል፣ ልብን ያበረታል። ጭን ላይ ነው የሚሰጠው። ነርሷ እየሮጠች ያመጣችው ልታድናት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን በሰዓቱ ተሰጥቶም አይደርስም።»

«መሆን አለበት ትያለሽ። አላየሽም።»

«አላየሁም። መዝገቡ ግን አይቷል» አለችና እጇን ከላይኛው መዝገብ ላይ አሳረፈች።

ጠራዡ አርባ ዓመት ሙሉ የጠረዙትን አንብበው አያውቁም። የሰው ምስጢር በእጃቸው ያልፋል እንጂ በዐይናቸው አያልፍም፤ በዚህም ይኮሩ ነበር። አሁን ግን እጃቸው ቀድሟቸው ሽፋኑን ገለጠ። ወሩን ያውቁታል፣ ቀኑን ያውቁታል። ወጣቷ ገጹ ሲገኝ ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁራጭ ካርቶን አንሥታ የሌሎቹን ሕሙማን መስመሮች ከላይና ከታች ሸፈነች። በመካከሉ የልጃቸው ስም ብቻ ቀረ።

መነጽራቸው ጉም ስለለበሰ እሷ አነበበችላቸው። «አራት ሰዓት ከአሥር፣ ፔኒሲሊን። አራት ከአሥራ ሦስት፣ አድሬናሊን። አራት ከአሥራ ስምንት፣ አድሬናሊን። አራት ከሃያ ሦስት፣ አድሬናሊን።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ። እርስዎ ከወጡ በኋላም ሲሞክሩ ነበር።»

ጠራዡ መነጽራቸውን ጠርገው ራሳቸው አዩት። የመጀመሪያው መስመር ጽሑፍ ቀጥ ያለና ቆንጆ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ፊደሎች ይንገዳገዳሉ፤ የመጨረሻው ከመስመሩ ወርዷል። የሰው እጅ እንዲህ የሚጽፈው ሲንቀጠቀጥ መሆኑን አርባ ዓመት በእጃቸው ሥራ የኖሩት ጠራዥ አያጡትም። ያቺን ሴት ሰፈር ለሰፈር ገዳይ አሰኝተዋታል።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሐዘኑ ለእሳቸው ቀላል በሆነ ነበር። አንድ ሰው በድለዋል፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ነገር ግን ዐይናቸው ወደ ገጹ ቀኝ ተሻገረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከመወጋቷ በፊት የሚጠየቅ ነው። ከዚህ በፊት ያልተስማማ መድኃኒት አለ ወይ ተብሎ።»

«ማንም አልጠየቀንም» አሉ ጠራዡ ፈጥነው። ይህንንም ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰሚ ሁሉ ሲናገሩት ኖረዋል። «አፍ አውጥቶ የጠየቀን አንድ ሰው የለም።»

በዓምዱ ውስጥ በዚያ በቆንጆው ጽሑፍ «የለም» ይላል፤ ከአጠገቡ በቅንፍ «አባት እንደተናገሩት»።

ልጅቷም ለጊዜው ሳሉ ትቷታል። ጠራዡ ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከዚያ እንደ ሩቅ ድምፅ ትዝ አላቸው። ወረፋው ረጅም ነበር። ነርሷ ቀና ሳትል ጠየቀች። እሳቸውም ልጃቸው መናገር ስላቃታት ፈጥነው መለሱላት። እንዲያውም እየሳቁ ነበር የመለሱት። «የእኛን ዘር የሚጥል መድኃኒት አልተሠራም» ብለው ነበር።

«አባባ» አለች ወጣቷ በቀስታ፣ «ከዚያ በፊት ለሌላ ሕመም እንክብል ወስዳ ታውቅ ነበር?»

«ጥርሷን አሟት ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ።»

«ያን ጊዜ ሰውነቷ ላይ የወጣ ነገር ነበር?»

ነበር። ክንዷና ሆዷ ላይ እንደ ንብ ንድፊያ ያለ ቀይ ነገር ተነፋፍቶ ወጥቶባት፣ ሌሊቱን ስታክ አድራለች፤ አንደኛው ዐይኗም አብጦ ነበር። «አባዬ መድኃኒቱ ነው መሰለኝ» ብላቸዋለች። እሳቸው ግን በቤታቸው ከአባት ከእናት ሲሰሙ ያደጉትን ነገሯት፦ መድኃኒት ሲሠራ በሽታው በቆዳ በኩል ይወጣል፤ ሲወጣ ማየት መልካም ምልክት ነው። እንክብሉን ጨርሺው አሏት። ጨረሰችው። ሽፍታውም ጠፋ። ጠራዡም ሲያወሩት ይኮሩበት ነበር።

ይህን ሁሉ ለወጣቷ ነገሯት፤ እያንዳንዱ ቃል እንደ ድንጋይ እየከበዳቸው። «በሽታው እየወጣ ነው ብዬ...» አሉና አልጨረሱትም።

«ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል» አለች። «ለጥርስ የሚሰጠው እንክብል ብዙ ጊዜ የፔኒሲሊን ወገን ነው። በሽታው መውጣቱ ሳይሆን መከላከያው ማስጠንቀቁ ነበር። ያቺን ሽፍታ ያየ ሐኪም ፔኒሲሊንን ትቶ ሌላ መድኃኒት ይመርጥላት ነበር። ሌላ ብዙ አለ።»

«ሌላ አለ?»

«አለ።»

ጠራዡ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አንድ ነገር ግን ይቀር ነበር፤ የመጣውም አሁን ነው። ያን ቀን ወረፋው ላይ እየሳቁ ሲመልሱ፣ ልጃቸው የኮታቸውን እጅጌ ጎተተችው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ጎትታለች። ደክሟት የተደገፈቻቸው መስሏቸው ክንዳቸውን ሰጥተዋት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ይህችን ነገር ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ምክንያቱም ምንም አልመሰለቻቸውም ነበር።

«እጅጌዬን ስባኝ ነበር» አሉ። «ለነርሷ ልትነግራት ፈልጋ ነው።» ከዚያ አለቀሱ። ያለቀሱት እንደ ሽማግሌ አልነበረም፤ ድምፅ አውጥተው ነው። ወጣቷ ምክሯን ሁሉ ረስታ እጃቸውን ያዘች። ደግም አደረገች፤ ለዚያ ሰዓት የሚሆን ምክር የለም።

ሳሉ እንደገና ተነሣ። ጠራዡ ቀና አሉ።

«እሷም የእናቷን ወርሳ ቢሆንስ?» አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ። «የፈራሁት ይህን ነው። እንደዚያ ከሆነ ምን አደርጋለሁ?»

«ለመድኃኒት አለርጂ እንደ ዐይን ቀለም ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ነገር አይደለም። እናቷ ስለነበረባት እሷም አለባት ማለት አይቻልም። ቢሆንም ለሐኪሙ ሁሉንም ይንገሩት። እሱ መርጦ ያዝዛል፤ ከሰጣትም በኋላ አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ አድሬናሊኑም እዚያው ዝግጁ ነው። ከታመነበት መድኃኒት ሸሽቶ ሳንባዋን ለሕመሙ መተው ግን ሌላ ሞት ነው። አባባ፣ የሚገድለው መንገር አይደለም። ዝም ማለት ነው።»

ጠራዡ ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸከሟት። ሱቁን ለመቆለፍ እንኳ አልቆሙም፤ ወጣቷ ናት ተመልሳ የዘጋችው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ወረፋ ነበር። ተራቸው ደርሶ ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃቸው ጠራዡ ተነሥተው ቆሙ። ልጅቷ ምን ምን እንደወሰደች፣ ከየትኛው በኋላ ምን እንደሆነች የሚያውቁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ያላወቁትን «አላውቅም» አሉ። ስለ እናቷም ተናገሩ፣ «የለም ያልኩት እኔ ነኝ» ብለው። ከጀመሩ አይቀር፣ እሳቸውን በወጣትነታቸው ሆዳቸውን ያቃጠላቸውን የራስ ምታት ኪኒን ሳይቀር ጨመሩበት። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ሆድ ማቃጠል የመድኃኒቱ ጠባይ እንጂ መከላከያው መሳሳቱ እንዳልሆነ፣ ማሳከክ፣ ማበጥ፣ መተንፈስ ማቃት፣ ቆዳ መላጥና አፍ መቁሰል ግን ለነገ የማይባሉ መሆናቸውን አስረዳቸው። ልጅቷ የሳንባ ምች ነበረባት። የመጀመሪያውን መድኃኒት እዚያው ወስዳ አንድ ሰዓት አስቀመጧት። ጠራዡ ያን ሰዓት ሙሉ ዐይናቸውን ከከንፈሯ ላይ አላነሡም። ምንም አልሆነችም። በሦስተኛው ቀን ተጋድማ ተኛች፤ በሳምንቱ ራበኝ ራበኝ ማለት ጀመረች።

ከዚህ በኋላ የጠራዡ ሱቅ ወሬ ተለወጠ። ከመጻሕፍት ጠርዝ የሚቆረጠውን ወረቀት ሰፍተው መዳፍ የምታህል ደብተር መሥራት ጀመሩ፤ ለየቤቱ አንዳንድ ይሰጣሉ። «ያልተስማማችሁን መድኃኒት ስም ጻፉባት፤ ምን እንዳደረጋችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደጀመረ ጻፉ፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ይዛችኋት ሂዱ» ይላሉ። ስሙን የማያውቅ ሰው ቢመጣ የመድኃኒቱን ባዶ ማሸጊያ ይዞ ይምጣ፣ ወጣቷ ታነብለታለች። የተረፈ መድኃኒት ለጎረቤት መስጠትም በዚሁ ምክንያት ከሰፈሩ ቀረ። አንድ ሹፌር ደብተሯን አውጥቶ ስላሳየ የማይሆነውን እንክብል ሳይውጥ ተረፈ። አንዲት ወላድ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ «ፔኒሲሊን አይሆነኝም» ስትል የኖረችው፣ ተመርምራ ምንም እንደሌለባትና ያለ ምክንያት ከጥሩ መድኃኒት ስትሸሽ እንደኖረች ታወቀ። መጻፍ የሚጠቅመው ለመሸሽ ብቻ እንዳልሆነ ሰፈሩ በእሷ አየ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጠራዡ ሌላውን ሁሉ እያደረጉ አንዱን ነገር ከሳምንት ወደ ሳምንት ያስተላልፉት ነበር። ረጅሟ ነርስ ከጤና ጣቢያው ከወጣች ወዲህ በቤቷ የተማሪ ሹራብ በሹራብ መሥሪያ መኪና እየሠራች ትኖራለች። ቤቷ ከሱቃቸው አሥር ደቂቃ አይሞላም። እዚያ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጀባቸው።

ልጅቷን ይዘው ሄዱ፤ ብቻቸውን መሄድ ስላልሆነላቸው ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ እሳቸውን ስታይ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ቀጥሎ ልጅቷን አየች። ልጅቷ የእናቷን ፊት ይዛለች።

«ለክርክር አልመጣሁም እህቴ» አሉ ጠራዡ ኮፍያቸውን አውልቀው። «መዝገቡን አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ሞክረሽላታል። እኔ ደግሞ ስምሽን አጥፍቼ ከእንጀራሽ አፈናቀልኩሽ። «የለም» ያልኩት እኔ ነበርኩ። እሷ ልትነግርሽ ፈልጋ እጅጌዬን ስትስብ አልገባኝም።»

ነርሷ የሹራብ ክር በእጇ እንደያዘች ቆመች። ስትናገር ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔም ያን ቀን ቀና ብዬ አላየኋትም» አለች። «ዐይኔ ወረቀቱ ላይ ነበር። የጠየቅሁት ደግሞ እርስዎን ነው። የታመመችው እሷ ነበረች። ይህን ከራሴ ጋር ስነጋገርበት ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ወደ ሥራሽ ተመለሽ። ሰፈሩን ሁሉ ይዤ ሄጄ እመሰክራለሁ።»

«እጄ መርፌ ሲይዝ አሁንም ይንቀጠቀጣል አባባ። እሱ በምስክር አይመለስም።»

ጠራዡ ተቀመጡ ተባሉና ተቀመጡ። ልጅቷ ታማ እንደነበር፣ መድኃኒት ወስዳ እንደዳነች ነገሯት። ነርሷ አዳምጣ ስትጨርስ ከወንበሯ ወርዳ በልጅቷ ፊት በርከክ አለች፤ ረጅም ስለሆነች ተንበርክካም ዐይን ለዐይን ተያዩ።

«አንቺስ?» አለቻት። «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?»

ጠራዡ ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

ልጅቷ ጊዜ ወስዳ አሰበች። «ቀዩ ሽሮፕ» አለች። «ትንሽ እያለሁ የምጠጣው። ስጠጣው ምላሴን ያሳክከኝ ነበር። ጉሮሮዬንም።»

«ይህን ነግራኝ አታውቅም» አሉ ጠራዡ።

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?» አለች ነርሷ።

ጠራዡ ጠይቀዋት አያውቁም። ትንሿን ደብተር ከደረት ኪሳቸው አወጡና ለልጅቷ ሰጧት፤ እርሳሱንም ጨምረው። እሷም ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ፣ ፊደሏን እያጣመመች፣ በራሷ እጅ ጻፈችው።